የመገናኛ ሬዲዮ በመኪና ላይ አገጣጠም፦ ከባትሪው እስከ አንቴናው

ጅማ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ የሚገጠምላቸው መኪኖች ብዙ ዓይነት ናቸው። አምቡላንስ አለ፣ የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር አለ፣ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ፒክአፕ አለ፣ ወደ ሊሙና ወደ አጋሮ የሚመላለስ የቡና ጭነት መኪና አለ። «ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ከጅማ ወጥቶ ወደ በለጠ ጫካ ሲገባ ስልኩን አውጥቶ ይመልከት።

ሬዲዮው ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ተፈትሾ የመጣ ዕቃ ነው። በእኛ እጅ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ከባትሪው የሚነሣው ገመድ፣ የፊውዙ ቦታና የአንቴናው እግር ነው። ሬዲዮ የመግጠም ሥራ ብዙ ጊዜ ቴፕ እንደ መግጠም ይታያል። 50 ዋት የሚያወጣ የቪኤችኤፍ፣ ማለትም የቅርብ ርቀት መገናኛ፣ ሬዲዮ ግን የመናገሪያው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ከ10 እስከ 12 አምፔር ኮረንቲ ይስባል፤ ባለ 25 ዋቱ ከ5 እስከ 6 አምፔር፣ ለረጅም ርቀት የሚያገለግለው ባለ 100 ዋት ኤችኤፍ ደግሞ እስከ 20 አምፔር ይደርሳል። ይህን ያህል ኮረንቲ የሚያልፍበት ገመድ በግዴለሽነት ከተዘረጋ መኪና ያቃጥላል።

በመጀመሪያ ፈቃድ

የመገናኛ ሬዲዮ ሱቅ ገብተው ገዝተው እንደ ልብ የሚጭኑት ዕቃ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድ አጠቃቀምን ይቆጣጠራል፤ መሣሪያውም ሆነ የምትጠቀሙበት ፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃዱን ቅጂ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ኬላ ላይ ጣሪያው ላይ አንቴና የተተከለበት መኪና ቢያስቆሙ ሊገርማችሁ አይገባም፤ ያን ጊዜ «ወረቀቱ ቢሮ ነው» የሚል መልስ ጉዞ ያስቀራል። ፈቃድ በሌለው ሬዲዮ ላይ መሥራት ለገጣሚውም አይበጅም። እኔ ወረቀቱን ሳላይ ካቻቪቴ አላነሣም።

ቮልቱን ለኩ

መልቲሜትር ያዙና በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቢያሳይ መኪናው ባለ 12 ቮልት ነው። ሃይሉክስና አብዛኛው ላንድክሩዘር እንዲህ ነው። ሁለት ባትሪ ያለውን ላንድክሩዘር ስታዩ ግን ባለ 24 ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ባትሪዎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቭ ከነጌቲቭ ተያይዘው ያው 12 ቮልት ነው የሚሰጡት። በተቃራኒው አብዛኞቹ የአይሱዙ ጭነት መኪኖችና ሲኖትራክ 24 ቮልት ናቸው።

በ24 ቮልት መኪና ላይ ሬዲዮውን በቀጥታ ማሠር ወዲያው ማቃጠል ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሌላው ላይ ነው፦ ከሁለቱ ባትሪዎች የአንዱን ብቻ 12 ቮልት ጠልፎ መውሰድ። ለጊዜው ይሠራል። ነገር ግን ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች እንደ አንድ አድርጎ ስለሚሞላ የተጠለፈው ሁልጊዜ እንደጎደለ፣ ያልተነካው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላ ይኖራል። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ሁለቱም ይሞታሉ፤ ሁለት የጭነት መኪና ባትሪ ከአንድ የቮልት መቀነሻ ይልቅ ስንት እጥፍ እንደሚያስወጣ ባለንብረቱ ያውቀዋል። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው። 12 አምፔር ለሚስብ ሬዲዮ ያለማቋረጥ 20 አምፔር መስጠት የሚችለውን ምረጡ፣ በ24 ቮልቱ በኩል የራሱን ፊውዝ አድርጉ፣ ሙቀቱን እንዲያስተነፍስ ከብረት ጋር በብሎን እሠሩት። ርካሹ ኮንቨርተር ሬዲዮው ውስጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ስለሚያመጣ ከመግዛታችሁ በፊት አስሞክሩ።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናም ወደ እኛ መምጣት ጀምሯል። በነዚህ ላይ ሬዲዮው የሚበላው ከትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ሰው የሚገድል ቮልት ስለሚያልፍበት አይነካም፣ አይገፋም፣ ሌላ ገመድም አይታሠርበትም።

የሬዲዮው ቦታ

እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሬዲዮው በራሱ የብረት መያዣና በብሎን ይታሠር፤ በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር የተለጠፈ ሬዲዮ ግጭት ሲፈጠር ተነቅሎ ሰው ይመታል። ኤርባግ ከሚወጣበት ፊት፣ ከሹፌሩ ጉልበት አጠገብና ከማሞቂያው አየር መውጫ ይራቅ። መቀመጫ ሥር ከገባ ጀርባው ላይ ያሉት የማቀዝቀዣ ክንፎች ምንጣፍ እንዳይሸፍናቸው፣ በክረምት ከጫማ የሚወርደው ጭቃና ውኃም እንዳይደርስበት ትንሽ ከፍ አድርጉት። በትራፓኖ ከመብሳታችሁ በፊት ከበስተጀርባው ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳብሱ፤ የነዳጅ ቱቦ የተበሳባቸው መኪኖች አሉ። ማይኩ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሣ የሚደርስበት ቦታ ይሰቀል። የተሻለው ግን ሬዲዮውን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እንዲይዘው ማድረግ ነው።

ኮረንቲው፦ ከባትሪው በቀጥታ

የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ለስልክ ቻርጅ ነው። ገመዱ ቀጭን ነው፣ መሰኪያው በንዝረት ይላላል፣ የላላ መሰኪያ ይግላል፣ የጋለ ፕላስቲክ ይቀልጣል። ከቴፑ ወይም ከመብራት ገመድ መጥለፍም ያው ነው። ሁለቱም ገመዶች፣ ፖዘቲቩም ነጌቲቩም፣ ለሬዲዮው ብቻ ተዘርግተው ከባትሪው ይምጡ።

የገመዱን ውፍረት በግምት አትምረጡ። ከኮፈኑ ሥር እስከ መቀመጫው 5 ሜትር ቢሆን ኮረንቲው ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር ይጓዛል። በ12 አምፔር ላይ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ባለ 2.5 ከ0.8 በላይ፣ ባለ 6 ግን 0.35 ብቻ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.2 ላይ ቢሆን በቀጭኑ ገመድ ወደ ሬዲዮው የሚደርሰው 10.8 ነው። «ሲሰማ ደህና ነው፣ ልናገር ስል ይጠፋል» እያሉ ሬዲዮ ተሸክመው የሚመጡ ሹፌሮች ሕመማቸው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ሬዲዮውን መፍታት አያስፈልግም። ስለዚህ ከሬዲዮው ጋር የመጣው ገመድ ከደረሰ እሱን ተጠቀሙ። ካልደረሰ 6 ካሬ የሆነ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ገመድ ይሁን። ለቤት መስመር የሚሸጠው ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ በንዝረት ውስጡ ይሰበራልና አይሆንም።

ሥራው ሲጀመር ሰዓት፣ ቀለበትና የአንገት ሐብል ይውለቅ። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ። ነጌቲቩን በመጀመሪያ ፍቱ፣ በመጨረሻ እሠሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ነጌቲቩ ታሥሮ ሳለ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ የመኪናውን አካል ቢነካ ባትሪው ሙሉ ኃይሉን በዚያች ብረት በኩል ይለቃል፤ ቁልፉ ቀልቶ ይጣበቃል፣ እጅም አብሮ ይቃጠላል። ሁለት ባትሪ ባለው ላንድክሩዘር ላይ የሁለቱንም ነጌቲቭ መፍታት ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ከፈታችሁ ሌላው መስመሩን ሕያው አድርጎ ያቆየዋል። ኤርባግ አጠገብ የምትሠሩ ከሆነም ከፈታችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ፊውዙ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ብዙ ሰው ሬዲዮው ጀርባ ያለችውን ፊውዝ አይቶ ይረካል፤ ነገር ግን ከባትሪው እስከዚያች ፊውዝ ያለው 5 ሜትር ገመድ ጠባቂ የለውም። ዘበኛ በር ላይ እንጂ ጓሮ አይቀመጥም። ፊውዙ ከባትሪው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ውኃ በማያስገባ መያዣ ውስጥ ይቀመጥ። መጠኑ አምራቹ ያዘዘው ይሁን፤ ለ50 ዋት በተለምዶ 15 አምፔር፣ ለ25 ዋት 10 አምፔር ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል 30 አምፔር መቀየር፣ ወይም የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መሰካት፣ እሳቱን ወደ ገመዱ ማዛወር ነው። የሚቃጠልበትን ምክንያት ፈልጉ።

ነጌቲቩም ላይ ፊውዝ ያለው ገመድ ከሬዲዮው ጋር ከመጣ አትቁረጡት። የሞተሩን ብረት ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ አንድ ቀን ቢላላ ወይም ቢበጠስ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚስበው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መመለሻ ሲያጣ በሬዲዮው ቀጭን ነጌቲቭ በኩል ልለፍ ይላል። ያን ጊዜ ያች ፊውዝ ካለች ትቃጠላለች፤ ከሌለች ገመዱና ሬዲዮው ይቃጠላሉ። በአዳዲስ መኪኖች ነጌቲቭ ጫፍ ላይ የባትሪውን ሁኔታ የሚከታተል ትንሽ ሣጥን ካያችሁ ደግሞ የሬዲዮውን ነጌቲቭ ጫፉ ላይ አታሥሩት፤ የባትሪው ነጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ብሎን ላይ እሠሩ። አለዚያ ሣጥኑ የሬዲዮውን ፍጆታ ሳያይ ይቀርና የባትሪውን አሞላል ያዛባል።

ገመዱ ከሞተሩ ክፍል ወደ ካቢናው የሚያልፍበት የብረት ግድግዳ ላይ ረጋ በሉ። ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ከሌለው የብረቱ ጠርዝ ከምላጭ አይተናነስም። ጭቃና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ የሚመላለስ መኪና ገመድ ስትፈትሹ በትክክል ግድግዳው ላይ ባረፈበት ቦታ ሽፋኑ ተፍቆ፣ የምስማር ራስ የምታህል መዳብ ብልጭ ብላ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ፊውዝ ባይኖር ኖሮ መኪናው አይኖርም ነበር። ቀለበቱን አስገቡ፣ ገመዱን በፕላስቲክ ሽፋን ቱቦ አልብሱ፣ ከሞተሩ የጋለ ብረትና ከጭስ ማውጫው፣ ከመሪው ዘንግና ከፔዳሎቹ አርቃችሁ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እሠሩ። ካቢናው ውስጥ በምንጣፉ ሥር በበሩ ደፍ በኩል ይሂድ። የመኪናው ኮምፒውተር ገመዶች በአንድ ጎን ከሆኑ የሬዲዮው በሌላው ጎን ይለፍ።

ጫፎቹ ባለ ቀለበት ተርሚናል ተጨምቆባቸው ይታሠሩ። ከጨመቃችሁ በኋላ በሙሉ ጉልበት ሳቡት፤ ከወጣ መንገድ ላይም ይወጣ ነበር። ሁለት ገመድ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ግን ሥራ አይባልም። በጅማ እርጥበት የናስትሮው ሙጫ ይለቅና ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

ሬዲዮው ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር ስለሚገናኝ ሹፌሩ ሳያጠፋው ቢያድር ባትሪው ጠዋት ያለቀ ይሆናል። ብዙ ሬዲዮዎች ከመኪናው ቁልፍ ጋር የምትያያዝ ቀጭን ሦስተኛ ገመድ አሏቸው። እሷን ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኮረንቲ ከሚያገኝ መስመር ጋር በ1 ወይም በ2 አምፔር ፊውዝ አያይዟት።

አንቴናው

የአንቴናው ቦታ ከሬዲዮው ዋት ይበልጣል። ለቪኤችኤፍ ከሁሉ የሚሻለው የብረት ጣሪያው መካከል ነው፤ ጣሪያው ራሱ የአንቴናው ግማሽ አካል ሆኖ ያገለግላል። ፓራውልት ላይ የተተከለ አንቴና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደህና ይሰማል፤ በጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፍርግርግ ካለና ቡና ከተከመረበት ደግሞ አንቴናው ከጭነቱ በላይ መውጣት አለበት። የሩብ ሞገድ አንቴና ርዝመት 75 ለፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርዝ ሲካፈል በሜትር ይገኛል፦ ለ150 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሜትር ነው፣ ሲስተካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ስለዚህ ሌላ ሰው መኪና ላይ ያማረውን አንቴና ገዝቶ መትከል ብቻውን አይበቃም፤ ለእናንተ ፍሪኩዌንሲ የተቆረጠ መሆን አለበት።

እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ ከበሳችሁ በኋላ ከጣሪያው ሥር፣ የአንቴናው ጥርስ ብረቱን በሚነክስበት ክብ ላይ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ብረቱን አብሩት። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ቀለም ላይ የታሠረ አንቴና ቆሞ ይታያል እንጂ አይሠራም። ከዚያ ዳዶው ሲጠብቅ ዙሪያውን ቀጭን ግሪስ ቀቡ፣ ከላይ በጎማው ጠርዝ ሲሊኮን አድርጉ። ይህን የምለው ለጅማ ነው፦ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት አገር የተፋቀ ብረት ሳይሸፈን ከቀረ በአንድ ክረምት ይዝጋል፣ ውኃውም በኬብሉ ውስጥ ተንሸራትቶ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ይደርሳል። ጣሪያ መብሳት የማይፈልግ ማግኔት ያለውን እግር መጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን በጫካ መንገድ ቅርንጫፍ ሲመታው ተነቅሎ በኬብሉ እየተንጠለጠለ ቀለም ይቧጭራል።

ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚሄደው ኬብል ባለ 50 ኦም የሚባለው ዓይነት ይሁን። የቴሌቪዥን ዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፤ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። በበር መዝጊያ እንዳይጨፈለቅ፣ በጠባቡ እንዳይታጠፍ፣ መጋረጃ መሰል ኤርባግ በሚወጣበት የመስታወት ምሰሶ ውስጥ እንዳያልፍ አድርጉ። ወደ ካቢናው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ያለች እጥፋት ተዉለት፤ የዝናብ ውኃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም። ማገናኛው ላይ ስታኞው በደንብ ይፍሰስ፣ የመሐሉ ሽቦና የዙሪያው መረብ አለመነካካታቸውንም አንቴናው ሳይሰካ በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ሙከራው

አንቴና ሳይታሠር የመናገሪያው ቁልፍ አይነካ፤ ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ የሬዲዮውን ማጉያ ያቃጥላል። ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየውን የኤስደብልዩአር መለኪያ በሬዲዮውና በአንቴናው መካከል አስገቡና በዝቅተኛ ዋት ተናገሩ። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከሚወጣው ኃይል የሚመለሰው 4 በመቶ ያህል ነው፤ በቂ ነው። 2 ላይ 11 በመቶ ይመለሳል፣ 3 ላይ ሩቡ ይመለሳል፤ 3 ካሳየ መጀመሪያ የአንቴናውን እግርና ማገናኛውን መርምሩ እንጂ አንቴናውን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። የተቆረጠ አንቴና አይረዝምም።

ቀጥሎ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ቮልቱን እየለካችሁ ሌላ ሰው ይናገር። ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ወይ ገመዱ ቀጭን ነው ወይ አንድ መጋጠሚያ ላልቷል። እጃችሁን ፊውዙ መያዣ ላይ አድርጉ፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ከጋለ ፍቱና እንደገና እሠሩ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ስትናገሩ የዳሽቦርዱ መብራቶች ቢበሩ ወይም የሞተሩ ድምፅ ቢቀየር መንገድ ሳትወጡ የኬብሉን መስመር ቀይሩ። ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከሰማችሁ ከዲናሞው ነው፤ በአብዛኛው የነጌቲቩ እሥር ያመጣዋል። የተጨማሪ ኤልኢዲ መብራት ሲበራ ብቻ የሚሰማ ጫጫታ ግን ከመብራቱ ነው፤ ሬዲዮውን አትውቀሱ።

ከዚያ ንዱ። ቪኤችኤፍ ዓይን የሚያየውን መስመር ይከተላል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ከፍታ ላይ ከተማውን ተሻግሮ ጥርት ብሎ የሚሰማ ሬዲዮ፣ ከተራራ ጀርባ ወይም ከሸለቆ ውስጥ ዝም ቢል አገጣጠሙ ተበላሸ ማለት አይደለም። ዋት መጨመርም ተራራ አያፈርስም፤ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ከፍታ ላይ ያስፈልጋል፣ ወይም ለቦንጋና ለሚዛን ተፈሪ መንገድ ኤችኤፍ።

ሲጠቀሙበት

ነዳጅ ማደያ ሲገቡ ሬዲዮው ይጥፋ። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ በፈንጂ በሚፈነዳበት አካባቢ የፈንጂ ኃላፊውን ሳትጠይቁ አትናገሩ፤ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ማቀጣጠያ ከአንቴና በሚወጣ ኃይል ሊነሣ ይችላል። የኤችኤፍ አንቴና እየተናገሩበት የነካው ሰው እጁ ይቃጠላል፤ መኪናው ቆሞ ሕፃናት ሲከቡት ይህን አስታውሱ።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ መልስ ኮፈኑን ከፍታችሁ የባትሪውን ብሎኖች፣ የፊውዙን መያዣና የአንቴናውን እግር በቁልፍ አንዴ አጥብቁ፤ አዲስ እሥር በንዝረት ይላላል። መኪና የሚያጥበውን ልጅም አደራ በሉት፦ በግፊት የሚረጨው ውኃ አንቴናው እግርና ፊውዙ መያዣ ላይ እንዳያርፍ።